ባፈናን የማረው እጅ

ባፈናን ያወቅሁት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ የአውቶቡስ ረዳት ሳለ ነው። ከጊምቢቹ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትንሿን የጭቃ ክፍል ተከራየ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእርሻ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ከጎጃም ሆሳዕና ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ቤት ውስጥ የተማሪ ልብስ እሰፋ ነበር። ባፈና መጀመሪያ ያናገረኝ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ ይዞ መጥቶ ነው።

«እትዬ፣ ይቺን ቢተክሉልኝ» አለኝ፤ አማርኛው ገና ይሰባበር ነበር። በቀለም የሚመስለው ቁልፍ ስላላገኘሁ በነጩ ሸሚዝ ላይ ቡናማ ቁልፍ ተከልኩለት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ለበሰው።

ከረዳትነት ትኬት ቆራጭ ሆነ፤ ከዚያም መናኸሪያው ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ። የትኛው መኪና ወዴት፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። እዚያ ሲያዩት ድምፁ ጣሪያ ይነካል፤ ከሾፌር ጋር ይጨቃጨቃል፣ ደላላ ያባርራል፣ ፉጨቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ይሰማል። ቤቱ ሲገባ ግን ቃል አይወጣውም። ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ገዝቶ ሲሠራ የቆርቆሮ አጥራችን መሀል አንዲት ትንሽ በር አስቀረን። በዚያች በር ከአንጋጫ ያመጣት ሚስቱ ጵርስቅላ ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች፤ ልጆቹ አጵሎስና ሐዳሳ የወደቀ አቮካዶ ሊለቅሙ ይመጣሉ። የሁለቱንም የትምህርት ቤት ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የአጵሎስን ኪስ ስጠግን ሁልጊዜ የዳቦ ፍርፋሪ አገኝበት ነበር። የተሰጠውን ሁሉ በአንዴ አይበላም፤ ግማሹን ያቆያል።

አጵሎስ በሃያ ሁለት ዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚህ አገር ልጅ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ስለሆነ መሄዱ ማንንም አልገረመም። ባፈናን የቆጨው ሌላ ነገር ነው። የዚያን ዕለት ማለዳ ልጁ የተሳፈረበትን መኪና መውጫ ወረቀቱን ፈርሞ፣ ፉጨት ነፍቶ ያስወጣው እሱ ራሱ ነበር። አጵሎስ አባቱ እንዳያየው ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብሎ አለፈ። ይህን ባፈና የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ጵርስቅላ በኩላሊት ሞተች። አጵሎስ ወረቀት ስላልነበረው ለቀብሯ መምጣት አልቻለም። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በየእሑዱ በስልክ ይገናኛሉ፤ ንግግራቸው ግን በአጥሩ በኩል ስሰማው ይጨንቀኝ ነበር።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ሥራስ?»

«ይመስገን።»

ከዚያ ዝም ይባባላሉ። ዝምታውም ሒሳብ ይቆጥራል፤ ስልኩ ተዘግቶ ነው የሚገላገሉት።

አጵሎስ መላ ያገኘ መሰለው። በአንድ ወደ አገር በሚመጣ ሰው አዲስ ስልክ ላከለት፤ ስልኩ ላይ የካርድ ጨዋታ ጭኖበታል።

ጨዋታውን ማስረዳት አለብኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ እኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል። ሁለት ሰዎች በየስልካቸው ይጋጠማሉ። እያንዳንዱ ሠላሳ ካርድ መርጦ ያሰናዳል፤ ይህን ስብስብ አጵሎስ ዴክ ይለዋል። ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ነጥብ ሕይወት ይሰጣቸዋል። ካርዶቹ በየተራ እየወጡ ይዋጋሉ፣ ነጥቡ ያለቀበት ተሸነፈ። ካርዶቹ አምስት ወገን ናቸው፤ ጋሻ ያዦች፣ አዳኞች፣ እሳተኞች፣ ፈዋሾችና አድፋጮች። ስማቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ የሰየማቸው ባፈና ነው። ተጫዋች አንዱን ወገን መርጦ ነው ዴኩን የሚያሰናዳው። ፈጣኑ ግጥሚያ በደቂቃዎች ያልቃል አሉ። እነሱ የሚጫወቱት ግን ዘገምተኛውን ነው፤ አንዱ ተራውን ተጫውቶ ሌላው እስኪመልስ እስከ አንድ ቀን የሚጠበቅበትን። አጵሎስ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ ይጫወታል፤ ባፈና በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ይመልሳል። አንድ ግጥሚያ ሦስት ሳምንት የፈጀበት ጊዜ አለ።

መናኸሪያ ቢናገር ይስቁበታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቢያወራ ካርታ ጀመረ ይባላል። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ደርሶበት «ቁማር ነው እንዴ ባፈና?» ቢለው፣ «ገንዘብ የለውም፤ ደግሞ የእኔዎቹ በሽተኛ ነው የሚያድኑት» ብሎ አመለጠ። ስለዚህ የሚያወራበት ሰው እኔ ነበርኩ። በረንዳዬ ላይ ስሰፋ በበሯ ብቅ ይላል፣ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፣ ስልኩን መነጽሬ ድረስ ያስጠጋልኛል።

«እትዬ፣ ሠላሳ ካርድ ማለት ሠላሳ መኪና ማለት ነው» ይለኛል። «ጀማሪ ትልልቁን ብቻ ይሰበስባል። እሺ፣ ግቢው በሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሆነ እንበል። የሺንሺቾን ገበያተኛ ማን ያነሳዋል? ትልቁ እስኪሞላ ስትጠብቅ ተሳፋሪህ በእግሩ ሄዷል። አሥራ ሁለት ሚኒባስ፣ አሥር ቅጥቅጥ፣ ስምንት ትልቅ። የእኔ አሰላለፍ ይሄ ነው።»

የሚወደው ፈዋሾችን ነበር። ፈዋሾች ብዙም አይገድሉም። የወደቀውን ያነሳሉ፣ የጎደለውን ነጥብ ይሞላሉ፣ ጠላት እስኪደክመው ይቆያሉ። ለምን እንደመረጣቸው ብጠይቀው «መጠበቅ ስለምችል» አለኝ። ጵርስቅላን ሆስፒታል ያስታመመበትን ወራት አሰብኩና ሌላ አልጠየቅሁም። አጵሎስ ግን ያፌዝበታል። ጨዋታው ላይ አጭር መልእክት መላክ ይቻላል፤ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ «አባዬ፣ ይሄ ጦር ሜዳ ነው ወይስ ጤና ጣቢያ?» ባፈና አሳይቶኝ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ጵርስቅላ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

የአጵሎስ ወገን አድፋጮች ናቸው። ካርዳቸው ፊቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ምን እንደሆነ አይታይም፣ ቀኑ ሲደርስ ተነስቶ ይመታል። አጵሎስ ሁለት ካርድ ሁልጊዜ እጁ ላይ ያስቀራል። የቱንም ያህል ቢጨንቀው እነዚያን ሁለቱን አይጥላቸውም። ስንት ቀን አባቱን በእነዚያ በሁለቱ ድል አድርጎታል። ከሦስት ግጥሚያ ሁለቱን የሚያሸንፈው እሱ ነበር፤ አባቴ ነው ብሎ አይራራም። ባፈና ሲሸነፍ ለምን እንደሆነ አንድ ሰዓት ያስረዳኛል፤ ሲያሸንፍ ግን ዝም ብሎ ሻይ ይጠጣል። እሑድ እሑድ ሲደዋወሉም ወሬ አግኝተዋል። «ያቺን ጅቧን ከየት አመጣሃት?» ሲለው እሰማለሁ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ሳህሉ ቤቴ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸውም ቆመው ባርኔጣቸውን ያዟዙሩ ነበር። ፍሬው ደውሎላቸዋል። ፍሬው የጊምቢቹ ልጅ ነው፤ ከአጵሎስ ጋር አንድ ሱቅ የያዘ፣ አንድ ክፍል የሚያድር። ቅዳሜ ዕለት አጵሎስ ለሱቁ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

የሰፋሁትን ልብስ አጣጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም።

«አስከሬኑ የሚገባው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው» አሉኝ አቶ ሳህሉ። «የወረቀቱ ነገር ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ለባፈና አይነገረውም። ብቻውን ነው ያለው፤ አሥራ አንድ ቀን ሬሳ ሳይመጣ እንዴት ይቀመጣል? ሐዳሳም አለች።»

ሐዳሳ ሺንሺቾ አስተማሪ ናት፣ እዚያው አግብታለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ጨንግፎባታል። ሐሳባቸው ለአባትም ለልጅም በአንድ ጠዋት እንዲነገር፣ ለእሷም ነርስ አጠገቧ እንዲኖር ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። በአገራችን መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው።

«አንድ ነገር ግን አስቸገረን» አሉ አቶ ሳህሉ። «ጨዋታው። በየቀኑ የሚመላለሱት ነገር አለ ይላል ፍሬው። አንድ ቀን ቢቋረጥ ባፈና ይደውላል። የልጁ ስልክ ተርፏል፤ ፍሬው እጅ ነው ያለው። ግን አጨዋወቱን አያውቅም። እዚህ ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ወይዘሮ ሰብሌ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። አቶ ሳህሉም ራሴን ስነቀንቅ አይተው ባርኔጣቸውን አደረጉ።

አመሻሹ ላይ ፍሬው ደወለ።

«እማማ፣ እኔ ከኳስ በቀር ጨዋታ አላውቅም» አለኝ። ድምፁ ጎርንኖ ነበር።

«እጁ ላይ ስንት ካርድ አለ?»

«አምስት።»

«ሥዕሎቹን ንገረኝ።»

«አንዷ ጅብ ናት። አንዱ ባለ ካባ ሰውዬ። ሁለት ድመት። አንዱ ደግሞ… ቢላ መሰለኝ።»

«ድመቷን ደፍተህ አስቀምጣት። ባለ ካባውን አውጣው። ሁለት ካርድ ምንጊዜም እጅህ ላይ ይቅር፣ እሱ እንደዚያ ነው። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ እጅ የሚነሳዋን ምልክት ንካ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ አይጀምርም።»

«እሺ እማማ።» ቀጥሎ «የእሱ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጫወተው» አለኝ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እኔም እስኪጨርስ ስልኩን ይዤ ጠበቅሁት።

በአጵሎስ ስም መልእክትም ጻፈለት፤ «አባዬ፣ የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል፣ ሳሠራው እደውላለሁ» የሚል። ባፈና አመነ። እንዲያውም ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ የማይክ ብልሽት በምን እንደሚመጣ ጠይቆ፣ መልሱን ረጅም አድርጎ ጻፈለት።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ባፈና ከሥራ ሲመለስ በበሯ ገብቶ ስልኩን ያሳየኛል፣ እኔም የማውቀውን እንደማላውቅ እሆናለሁ። ማታ ማታ ፍሬው ይደውላል። ሁለተኛው ቀን ላይ ባፈና «አጵሎስ ትንሽ ፈዟል» አለኝ።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ይሆናል። ድመቷን አለቦታዋ አዋላት።»

በመጀመሪያው ሳምንት ሐሙስ ፍሬው ደህና ተጫወተ። ደፍቶ ያቆያትን ድመት በሰዓቷ አስነስቶ የባፈናን ትልቅ ፈዋሽ ጣለበት። ባፈና «ተነቃ ልጄ» ብሎ ጭኑን መታ። እኔም ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ያስተማርኩት ተማሪ ፈተና ያለፈ መሰለኝ። ወዲያው ምን እያደረግሁ እንደሆነ ትዝ አለኝና ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ፍሬው ሲደውል ድምፁ ፈጠን ያለ ነበር።

«እማማ፣ አራት ነጥብ ነው የቀራቸው። ጅቧ አምስት ትመታለች። ልጨርሳቸው?»

ከአጠገቤ የባፈና ቤት መብራት በቆርቆሮው ቀዳዳ ይታየኛል። ልጁ በሰው አገር ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቷል። እዚህ ደግሞ እኛ፣ አንድ የማላውቀው ልጅና እኔ፣ አባትየውን ልናሸንፈው ነው። ሌላም ነገር አሰብኩ፤ ግጥሚያው ካለቀ ባፈና አዲስ ይጀምራል፣ ፍሬው ደግሞ አዲስ ዴክ ማሰናዳት አይችልም። ይህ ግን ሰበብ ነው። እውነቱ ባፈና አሳዝኖኝ ነው።

«ተወው» አልኩት። «ሌላ ካርድ አውጣ።»

«አጵሎስ ቢሆን ይተዋቸው ነበር?»

«ዛሬ ተወው በቃ።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ዘንቦ አባርቶ ነበር። የቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ሳለ ባፈና በሯ ላይ መጥቶ ቆመ። እንደ ወትሮው አልገባም። ስልኩን በእጁ ይዟል፤ መብራቱ ግን ጠፍቷል።

«እትዬ፣ አጵሎስ ማረኝ» አለኝ።

«እንዴት?»

«አራት ነጥብ ነበረኝ። ጅቧን ይዟታል፤ ቅዳሜ ወደ እጁ ሲመልሳት አይቻለሁ። አልመታኝም። ዋጋ የሌላት ካርድ ጥሎ አለፈ።»

«ረስቷት ይሆናል።»

«አጵሎስ ካርድ አይረሳም።» የበሯን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ያሽ ነበር። «ደግሞ አያዝንልኝም። አምና ወባ ጥሎኝ፣ ሁለት ነጥብ ቀርቶኝ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ጨርሶኛል። ደስ ነው ያለኝ፣ እትዬ። ልጅ ለአባቱ አውቆ ከተሸነፈለት አባትየው አብቅቶለታል። አጵሎስ ይሄን ያውቃል። እንግዲህ ይሄ የሚያዝንልኝ ሌላ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ለምንድን ነው የሚያዝንልኝ?»

አቀርቅሬ መስፋቴን ቀጠልኩ። መርፌው ክር እንዳልነበረው ያየሁት በኋላ ነው።

ባፈና «ሞቷል ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ያውቃል። ስንት ጊዜ ከአቶ ሳህሉ ጋር ማለዳ የሰው በር አንኳኩቷል፤ ለሩቅ መርዶ መኪና የሚያሰናዳው እሱ ነው። ብቻውን የሚያረዳ ሰው እንደሌለ፣ እኔም እንደማልችል ያውቃል። የአቮካዶው ቅጠል ላይ የቀረው ውሃ ሲንጠባጠብ ቆየ።

«መቼ ነው የሚመጡት?» አለኝ።

«ሐሙስ ጠዋት።»

«ሐዳሳስ?»

«እሷም ሐሙስ። ነርስ ይዘው ይሄዳሉ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እኔ አልሰማሁም። ለሳህሉም እንዳይነግሩት።»

«ባፈና…»

«እኔ እዚህ አንዴ ብጮህ ወሬው በሚቀጥለው መኪና ሺንሺቾ ይገባል። ሾፌር አፍ የለውም እንዴ? መንገድ ላይ ነው የምትሰማው። በሥርዓቱ ይነገራት።»

ከዚያ ስልኩን ከፈተና እዚያው እንደቆመ ተራውን ተጫወተ። አንድ ፈዋሽ አወጣ፤ ስድስት ነጥብ ሆነ። ሰላምታዋንም ነካ። ለማን እንደሆነ እንጃ። በሯን ቀስ ብሎ ዘጋት።

ማክሰኞም ረቡዕም አመሻሹ ላይ የባፈና ግቢ ቧንቧ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ፤ ከቧንቧው ሥር ባልዲ አልነበረም። ባፈና ጀርባውን ሰጥቶ ውሃው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዓይኔን ከቀዳዳው አነሳሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቤት መቀመጥ አቃተኝና ለዱራሜ ደንበኛዬ ልብስ ልላክ በሚል ሰበብ መናኸሪያ ሄድኩ። ግቢው ጭቃ ነበር። ባፈና ወረቀቱን ይዞ በመኪኖቹ መሀል ይመላለሳል። ዳኘ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ትርፍ ጭኖ ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ አገደው።

«ሦስት ሰው አውርድ።»

«ጋሽ ባፈና፣ ዛሬ ደግሞ ፉጨትህ ሳንባ የለውም። ጡረታ ውጣ እንጂ።»

«አንተ መጀመሪያ ጎማህን ንፋ። ሦስት ሰው።»

«ሁለት ላውርድ።»

«አራት አደርገዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። ዳኘ እየተነጫነጨ ሦስቱን አወረደ። ባፈና ፉጨቱን ነፋ፤ እውነትም አቅም አልነበረውም። እኔን ሲያይ በርጩማውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጠኝ፣ ጥቅሌንም ተቀብሎ ራሱ ጫነልኝ። የሺንሺቾው መኪና ሲወጣ ብቻ ቆሞ በሩን እስኪያልፍ አየው።

በዚያን ዕለት አመሻሽ ፍሬው ደወለ። «ትናንትም ትቻቸው አለፍኩ፤ አሁንም ስድስት አላቸው። ጅቧና ቢላው አንድ ላይ ሰባት ይሆናሉ። ምን ላድርግ?»

«ምታው» አልኩት።

«አይከፋቸውም?»

«እሱ እንደሚያደርገው አድርግ።»

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ሳህሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሰፈርም ሰባት ስምንት ሰው ሆነን ሄድን። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ልብሱን ለብሶ የሚጠብቀን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ለእኛ ሲል ልብሱን አውልቆ፣ ካልሲውን እንኳ ሳይቀር፣ መብራት አጥፍቶ ተኝቷል። ሲንኳኳ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው «ማነው?» አለ። በሩን ሲከፍት አንዱን ጫማ ብቻ ነው ያደረገው።

አቶ ሳህሉ ተናገሩ። ባፈና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው መጮሁን ጠበቁ። መጮህ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ አፉን ሲከፍት አይቻለሁ። ድምፅ አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ተወው፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያይ ጀመር። ሴቶቹ በእሱ ፈንታ አለቀሱ።

ሐዳሳ ሺንሺቾ በሰው መሀል፣ በባሏ ክንድ፣ ነርስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሰማች። ቀን አምጥተዋት አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ፅንሱ አልተነካም፤ በወሩ ሴት ልጅ ወለደች። አስከሬኑ ያን ዕለት ማታ ገባ፣ ዓርብ ተቀበረ። በቀብሩም በድንኳኑም ባፈና እንባ አልወጣውም። ከገጠር የመጣች እህቱ ድንኳኑ ውስጥ፣ እሱ እየሰማ፣ «ለመኪና እየጮኸ ኖሮ ለልጁ ድምፅ አጣ» አለች። ሌሎችም ልቡ ድንጋይ ነው ተባባሉ። እኔ ስለ ቧንቧው መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ ማክሰኞ ማወቁን፣ ማን እንዳሳወቀውም መናገር ይኖርብኛል። ሰሃን እየሰበሰብኩ አለፍኩ።

ያ ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም። መናኸሪያ ላይ እንኳ ከጀርባው ይባላል።

ነሐሴ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በርጩማውን ስቦ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት። ስልኩን አላመጣም። ስንት ሳምንት አፌ ላይ የነበረውን ነገር ያን ቀን አወጣሁት።

«ሰኞ ዕለት እንዳይመታህ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቄያለሁ» አለኝ። «ፍሬው ኳስ ነው የሚያውቀው። ሁለት ካርድ ማስቀረቱን ከየት ያመጣዋል?»

«አሳዘንከኝ።»

«አውቃለሁ እትዬ።» ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ግን ቀድሞ ሟሙቷል። «የረቡዕዋንም ምት አየኋት። ተጣጥቤ ልተኛ ስል ከፈትኩት። ደህና አድርጎ ነው የመታኝ፤ ልክ እንደሱ። ግን ጊዜዋ አልፎ ነበር።»

ሻይ ጨመርኩለት።

«ሰኞ ብትመቱኝ ኖሮ» አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ የመኪና ሰዓት እንደሚናገር ሰው፣ «ማክሰኞንና ረቡዕን ልጅ ይኖረኝ ነበር። ተሸንፌ፣ አዲስ ዴክ እያሰናዳሁ፣ ምን ብዬ ልስደበው እያልኩ። ሁለት ቀን ነው። ብዙ አይደለም።»

ሰጥቼው የማላውቀውን ነገር መቀማቴን ያን ጊዜ አወቅሁ። ባፈና ብርጭቆውን ከበርጩማው ሥር አስቀመጠ፣ ሰዓቱን አየ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ የዱራሜ መኪና አለ ብሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ በሯን አንዘጋትም፤ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ሐዳሳ ልጅ ያወራኛል። ስለ ጨዋታው ግን አንስቶ አያውቅም፣ እኔም አልጠይቀውም።